ማይነር በመኖሪያ ቤት፦ ስለ ሽቦው፣ ስለ አየሩና ስለ ኮርኒሱ

ባለፉት ወራት ከጎንደር ከተማና ከአካባቢዋ ወደዚህ አምድ ከደረሱት ጥያቄዎች ውስጥ በርከት ያሉት የሚያጠነጥኑት በመኖሪያ ቤት ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚያወጡ ማሽኖችን፣ በተለምዶ ማይነር የምንላቸውን፣ በኤሌክትሪክ ስለ ማሠራትና ስለ ማቀዝቀዝ ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምረን አምስቱን መርጠናል፤ የጠያቂዎቹን ስም አላወጣንም። የቢትኮይን ዋጋ ነገ ይወጣል ወይስ ይወርዳል የሚለውን ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ሌላ ቦታ ይጠይቅ፤ እዚህ የምንነጋገረው ስለ አምፔርና ስለ ሙቀት ነው።

ጥያቄ፦ ማራኪ አካባቢ በተከራየሁት ቤት ውስጥ አንድ አንትማይነር ኤስ 9 እና አንድ ኤስ 19 የተባሉ የማይነር ሞዴሎችን በአንድ መስመር ላይ አሠራለሁ። ቀን ቀን ችግር የለም፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ግን ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ይጥላል። መልሼ ባነሣው ቆይቶ ደግሞ ይጥላል። ያማከርኩት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በባለ 32 እንድቀይረው ነግሮኝ ብሬከሩን ገዝቻለሁ። ልቀይረው?

መልስ፦ አይቀይሩት። ብሬከር የተሠራው ማሽንዎን ለመጠበቅ ሳይሆን በግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ከመንደድ ለመጠበቅ ነው፤ ስለዚህ የብሬከሩ መጠን የሚወሰነው ከሽቦው ውፍረት ተነሥቶ እንጂ ከማሽኑ ፍላጎት ተነሥቶ አይደለም። አሁን እየጣለ ያለው ሥራውን በትክክል ስለሚሠራ ነው።

ምሽት ላይ ብቻ የሚጥልበትን ምክንያት በስሌት እንየው። ኤስ 9 በፋብሪካ አቅሙ ወደ 1,350 ዋት፣ ኤስ 19 ደግሞ ወደ 3,250 ዋት ይወስዳል፤ ድምሩ 4,600 ዋት ነው። ይህ በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 21 አምፔር ይመጣል። ባለ 16 ብሬከር 21 አምፔር ሲያልፍበት ወዲያውኑ አይጥልም፤ በውስጡ ያለችው ስስ ብረት ሞቃ እስክትጎብጥ ድረስ ይታገሣል፤ በዚህ መጠን ደግሞ ትዕግሥቱ ሊረዝም ይችላል። ምሽት ላይ የሰፈሩ ሰው ምድጃውን፣ ምጣዱንና ማሞቂያውን በአንድ ጊዜ ሲያበራ ቮልቴጁ ይወርዳል። አምፖል ቮልቴጅ ሲወርድበት ደብዝዞ የሚወስደውን ኃይል ይቀንሳል፤ የማይነር ፓወር ሰፕላይ (ኃይል መጋቢው ክፍል) ግን የሚያስፈልገውን ዋት ሳይቀንስ በምትኩ አምፔሩን ይጨምራል። ቮልቴጁ 200 ሲደርስ 21 የነበረው አምፔር 23 ይሆናል። የቤት ብሬከሮች ዓለም አቀፍ ደንብ ደግሞ አንድ ብሬከር ከተጻፈበት መጠን 1.45 እጥፍ ሲያልፍበት በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ መጣል አለበት ይላል፤ የ16 አምፔር 1.45 እጥፍ 23 አምፔር ነው። የእርስዎ ብሬከር ይህን ደንብ እያከበረ ነው።

ባለ 32 ብሬከር ቢገባ በዚያው ስሌት እስከ 46 አምፔር ድረስ ለአንድ ሰዓት ያህል ሊታገሥ ይችላል። በአብዛኞቹ የኪራይ ቤቶቻችን ወደ ሶኬት የተዘረጋው ባለ 2.5 (ማለትም ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ በቱቦ ውስጥ አልፎ ያለማቋረጥ እንዲሸከም የሚፈለገው ከ20 አምፔር ብዙም የማይርቅ ነው፤ ከዚያ የቀጠነ ሽቦ፣ ወይም በመሐል ተቆርጦ በፕላስተር የተቀጠለ፣ የሚገኝበት ቤትም ጥቂት አይደለም። ብሬከሩ ዝም ሲል የሚናገረው ግድግዳው ይሆናል።

ትክክለኛው መንገድ ለእያንዳንዱ ማሽን ከማከፋፈያው ሣጥን ተነሥቶ የራሱ መስመር መዘርጋት ነው። ኤስ 19ን ሌት ተቀን ያለ ዕረፍት እንደተጣደ የኤሌክትሪክ ምጣድ አድርገው ያስቡት፤ የሚወስደው ኃይል ከአንድ የእንጀራ ምጣድ ጋር ተቀራራቢ ነውና፣ ለምጣድ ለብቻው መስመር የሚያዘረጋ ሰው ለማይነርም ማዘርጋት አለበት። ያለማቋረጥ ለሚሠራ ጭነት የብሬከሩን አቅም እስከ ሰማንያ በመቶ ብቻ መጠቀም የተለመደ ጥንቃቄ ነው። በዚህ መሠረት ብቻውን 15 አምፔር ገደማ ለሚወስደው ኤስ 19 ባለ 4 ሽቦና ባለ 20 ብሬከር፣ መስመሩ ረጅም ከሆነ ደግሞ ባለ 6 ሽቦ ይዘርጉለት፤ ለኤስ 9 ባለ 2.5 ሽቦና ባለ 16 ብሬከር ይበቃዋል። ከዚያ በፊት ግን የቆጣሪውንና የዋናውን ብሬከር አቅም ያስነብቡ፤ ሁለቱ ማሽኖች 21 አምፔር ወስደው የቤቱ ምጣድ ተጨማሪ 15 ወይም 16 ሲጠይቅ ዋናው መስመር መቻል አለበት። ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ይህ ሁሉ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሚደረግ አይደለም።

ስለ ሶኬቱም አንድ ነገር ልጨምር። ባለ 16 አምፔር የተባለ የግድግዳ ሶኬት 15 አምፔር ለአንድ ሰዓት መሸከምና ለወራት መሸከም ለየቅል ናቸው። በውስጡ ያለው የመዳብ ምላስ ከሙቀቱ የተነሣ ቀስ በቀስ ይላላል፤ የላላ ግንኙነት ይበልጥ ይሞቃል፤ ይበልጥ የሞቀው ይበልጥ ይላላል። የመጀመሪያው ምልክት በሶኬቱ ቀዳዳ ዙሪያ የሚታይ ሻይ መሳይ ቡናማ ቀለም ነው። ሁለተኛው ሽታ ነው፤ አንዳንዱ የሶኬት ፕላስቲክ ሲግል የሚያወጣው ጠረን ከዓሣ ሽታ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ከጎርጎራ ዓሣ የገባ መስሏቸው ዝም የሚሉ ሊኖሩ ይችላሉና፣ ዓሣ ባልተሠራበት ቤት ዓሣ ከሸተተ በመጀመሪያ ማጥፋት ያለብዎት ዋናውን ብሬከር ነው። ወደ ኤስ 19 ፓወር ሰፕላይ የሚገቡት ገመዶች ሁለት ናቸው፤ ጭነቱን የሚካፈሉት እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሲሰኩ ነው እንጂ ሁለቱም በአንድ ኤክስቴንሽን ላይ ቢሰኩ ኤክስቴንሽኑ ሙሉውን 15 አምፔር ይሸከማል። ኤክስቴንሽን ለማይነር ፈጽሞ አይሆንም። ሰማያዊው ክብ የኢንዱስትሪ ሶኬት ከተገኘ ከግድግዳ ሶኬት እጅጉን ይሻላል።

የኤስ 19 ፓወር ሰፕላይ የሚሠራው ከ200 እስከ 240 ቮልት ባለው ክልል ውስጥ ስለሆነ፣ ሰፈርዎ ምሽት ምሽት ከ200 በታች የሚወርድ ከሆነ ማሽኑ ራሱን ማጥፋቱ አይቀርም። ስታቢላይዘር የሚገዙ ከሆነ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አይመኑ፤ መግቢያው ላይ ያለው ቮልቴጅ ሲያንስ የመሸከም አቅሙም አብሮ ያንሳልና የሚያስፈልግዎን እጥፍ ያህል ቢይዙ ጥሩ ነው። ስታቢላይዘርም ኃይል አይፈጥርም፤ የጎደለውን ቮልት የሚሞላው ከመስመሩ ተጨማሪ አምፔር ስቦ ነው፤ ይህም በሰፈሩ ትራንስፎርመር ላይ ሌላ ጫና ነው። በበኩሌ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ማሽኑን ማጥፋትን እመርጣለሁ። ለጎረቤትም ምጣድ ይተርፋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው አዘዞ ነው። መተማ ያለ ጓደኛዬ በዚያ ሁሉ ቃጠሎ ውስጥ ኤስ 19 ያሠራል። የእኔ ግን ከቀትር በኋላ ማራገቢያው እንደ አውሮፕላን ይጮህና የሙቀት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይቆማል። ጎንደር ከመተማ ይልቅ ቀዝቃዛ አገር አይደለችም እንዴ? ማሽኑ የተቀመጠው በቆርቆሮ ክዳን ቤት፣ መስኮቱ ክፍት በሆነ ክፍል ውስጥ ነው።

መልስ፦ ቀዝቃዛ መሆኗ እውነት ነው፤ አየሯ ግን ስስ ነው። ማይነር የሚቀዘቅዘው በአየሩ ቅዝቃዜ ብቻ ሳይሆን በአየሩ ክብደትም ጭምር ነው። ማራገቢያው በደቂቃ የሚያሽከረክረው የአየር መጠን በሁሉም ቦታ ተመሳሳይ ቢሆንም፣ አዘዞ ባለችበት ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያው አንድ ሜትር ኪዩብ አየር በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀልላል። ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው የአየሩ ክብደት ስለሆነ ማራገቢያው ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ይበልጥ መሮጥ አለበት። መተማ በቆላ ያለች በመሆኗ የጓደኛዎ ማራገቢያ የሚገፋው አየር ሞቃት ቢሆንም ከእርስዎ የከበደ ነው። ፋሲል ግቢና ፒያሳ ደግሞ ከአዘዞ ከፍ ስለሚሉ በዚያ ያሉ አንባቢዎቻችን ይህን ይበልጥ ያስቡበት።

የማሽኑ አምራች ቢትሜይን ራሱ ይህን አስቦበታል። ለኤስ 19 ባወጣው መግለጫ የሚፈቀደው የአካባቢ ሙቀት እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ፣ ከ900 ሜትር ከፍታ ጀምሮ ግን በየ300 ሜትሩ አንድ አንድ ዲግሪ እየቀነሰ እንዲታሰብና ማሽኑ እስከ 2,000 ሜትር ድረስ ብቻ እንዲሠራ ይገልጻል። ስለዚህ በ2,000 ሜትር ላይ ጣሪያው 36 ዲግሪ ገደማ ነው። እርስዎ በዚህ መስመር ጫፍ ላይ ነዎት፤ የከተማው ከፍ ያለው ክፍል ግን ከመስመሩ አልፏል። ይህ ማለት አይሠራም ማለት አይደለም፤ ዳኝነቱ የእኔ ነው እንጂ የአምራቹ አይደለም፣ ነገር ግን በጎንደር ወደ ማሽኑ አፍ የሚገባውን አየር ከ30 ዲግሪ እንዳያልፍ አድርጎ ማሠራት ይገባል ባይ ነኝ።

ወደ ማሽኑ አፍ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የክፍሉን ሙቀት በግድግዳ ላይ በተሰቀለ ቴርሞሜትር መለካት ምንም አይነግርዎትም። ቴርሞሜትሩን በክር አስረው ከመግቢያው ማራገቢያ ፊት ለፊት አንድ ጣት ያህል ርቀት ላይ ያንጠልጥሉና ከሩብ ሰዓት በኋላ ያንብቡ፤ ከዚያም ውጭ ጥላ ስር ካለው ጋር ያነጻጽሩት። ልዩነቱ ከ3 ወይም ከ4 ዲግሪ በላይ ከሆነ ማሽኑ የራሱን ትንፋሽ መልሶ እየተነፈሰ ነው ማለት ነው። እንደ ገለጻዎ ከሆነ የእርስዎም ችግር ይኸው ይመስለኛል፤ መስኮት መክፈት ብቻውን አየር እንዲገባ እንጂ ትኩሱ እንዲወጣ አያስገድድም፤ በዚያ ላይ ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው ራሱ ከላይ ያግላል።

ማይነር የሚበላው ኤሌክትሪክ በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ከ3,250 ዋት ውስጥ ወደ ሌላ ነገር የሚቀየር የለም። አየሩ ከገባበት በ15 ዲግሪ ሞቆ እንዲወጣ ከተፈለገ በባሕር ጠለል ላይ በሰዓት 650 ሜትር ኪዩብ ገደማ አየር ሲበቃ፣ በእርስዎ ከፍታ ግን ወደ 830 ያስፈልጋል። ለኤስ 9 ደግሞ ወደ 350 ሜትር ኪዩብ ይበቃል። ይህን ያህል አየር ያለ ጭንቀት እንዲያልፍ ለኤስ 19 መግቢያውም መውጫውም እያንዳንዳቸው ቢያንስ 35 በ35 ሳንቲ ሜትር የሆነ ንጹሕ ክፍት ቦታ ይፈልጋሉ፤ የትንኝ ወንፊት ከተደረገበት ወንፊቱ ራሱ ቦታ ስለሚሻማ እጥፍ ያድርጉት። ግድግዳ ላይ የሚገጠም ተጨማሪ አየር ማስወጫ የሚገዙ ከሆነ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምንም በማያግደው ባዶ ቦታ የተለካ መሆኑን አይርሱ።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። መግቢያው ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ ላይ ዝቅ ብሎ፣ መውጫው በተቃራኒው ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ይከፈት። የማሽኑ የኋላ ፊት ከመውጫው ቀዳዳ ጋር በላሜራ በተሠራ ቱቦ ወይም ሣጥን ይያያዝ፤ ቱቦው ከማሽኑ አፍ ጠበብ ያለ መሆን የለበትም፤ በመገጣጠሚያው ላይ የሚቀረው ክፍተትም ይደፈን፤ አንዲት የሁለት ጣት ክፍተት ትኩስ አየርን ወደ ክፍሉ ለመመለስ ትበቃለችና። ለዚህ ሥራ ካርቶንና ቺፑድ አይጠቀሙ። አየሩን ወደ ኮርኒስ ውስጥ መልቀቅ ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በታች ለቀረበው ጥያቄ በሰጠነው መልስ እንመለስበታለን።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ገንዘብ የማያስወጣውን ነገር ይሞክሩ፤ የማሽኑን ጉልበት ይቀንሱ። እንደ ብሬይንስ ኦኤስ ያሉ ፈርምዌሮች (ማሽኑን ከውስጥ የሚያዝዙ ሶፍትዌሮች) ቺፖቹ የሚሠሩበትን ቮልቴጅና ፍጥነት ዝቅ አድርገው እንዲያስተካክሉ ያስችላሉ። የኤስ 9 ፍጆታ ከ1,000 ዋት በታች ሊወርድ ይችላል፤ የሚያወጣው ሥራ ይቀንሳል፣ ነገር ግን ከኤሌክትሪኩ ያነሰ ነው የሚቀንሰው። ማራገቢያው የሚያገኘው ዕረፍት ደግሞ ከዚህ ይበልጣል፤ የማራገቢያ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ማራገቢያው የሚበላው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ጩኸቱም በ15 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። በሙሉ ኃይሉ 75 ዴሲቤል ገደማ ለሚጮህ ማሽን ይህ በአንድ ግቢ ውስጥ ከሰው ጋር ለመኖርና ላለመኖር ልዩነት ያመጣል።

ስለ አቧራ አጭር ቃል። በበጋ የጎንደር አቧራና የማድ ቤት ጢስ በአንድነት በሃሽ ቦርዶቹ (ስሌቱን በሚሠሩት የቺፕ ሰሌዳዎች) የአሉሚኒየም ክንፎች መካከል ተጋግረው ይቀመጣሉ። አንዳንዶች ማሽኑን ጎሚስታ ቤት ወስደው በኮምፕሬሰር ያስነፋሉ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ከአየሩ ጋር ውኃና ዘይት ይተፋል። መጀመሪያ ወደ መሬት አስነፍተው እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ ግፊቱ ይቀነስ፤ የማራገቢያው ክንፍ በጣት ይያዝ። ካልተያዘ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ተሽከርክሮ ኩሽኔታው ይጎዳል፤ ሲሽከረከርም ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ወደ ቦርዱ ይመልሳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዋናው ጠላት እርጥበትና መብረቅ ነው። መግቢያው ላይ ዝናብ እንዳይረጭ ዘንበል ያለ የቆርቆሮ ክንብንብ ይደረግለት፤ ነጎድጓድ ሲቃረብ የኃይል ገመዱን ብቻ ሳይሆን የኢንተርኔት ገመዱንም ይንቀሉ፤ መብረቅ በስልክ መስመርም ይመጣልና።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቸቸላ ነው። ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ እስኪያገኝ በሚል ኤስ 9 የሚባል ማሽን ገዝቶ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ አስገብቶታል። ድምፁ ሌሊቱን ሙሉ አያስተኛም፤ የመብራት ሒሳቡ አሻቅቧል። የሰርቪሱ ኮርኒስ ማዳበሪያ ነው፤ ልጁም እዚያው ይተኛል። እሳት እንዳያስነሣ ፈርቻለሁ። በሕግስ የተፈቀደ ነው? በርግጥ ገንዘብ ያመጣል?

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ከእሳቱ እጀምራለሁ። ዛሬውኑ ልጅዎ የሚተኛበትን ቦታ ይቀይር። ያለ ጠባቂ ሌሊቱን ሙሉ ከአንድ ኪሎዋት በላይ በሚያልፍበት ገመድ አጠገብ ሰው መተኛት የለበትም። የማዳበሪያ ኮርኒስ ፕላስቲክ በመሆኑ እሳት ሲነካው መንደድ ብቻ ሳይሆን ቀልጦ እየነደደ ይንጠባጠባል፤ በላዩም ለዓመታት የተጠራቀመ አቧራና የአይጥ ጎጆ አለ። ስለሆነም ከማሽኑ በላይ ያለው የኮርኒስ ክፍል ይነሣና በቆርቆሮ ይተካ፤ ማሽኑ በሲሚንቶ ወለል ላይ ወይም በብረት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ በዙሪያው አንድ ሜትር ያህል ልብስ፣ ካርቶንና ፍራሽ አይኑር። የጢስ ማስጠንቀቂያና የደረቅ ዱቄት ወይም የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያ በበሩ አጠገብ ይኑር፤ ብሬከሩ ሳይጠፋ ውኃ አይደፋም። የማሽኑ የብረት አካል ከመሬት ሽቦ ጋር መገናኘቱንም በመለኪያ ያስረጋግጡ፤ በሰርቪስ ቤቶች ሦስተኛው ሽቦ ብዙ ጊዜ የለም።

ገንዘቡን በተመለከተ ልጅዎ ከእርስዎ ጋር ተቀምጦ ይህን እንዲያሰላ ይጠይቁት። ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ዙሪያ በየአሥር ደቂቃው ገደማ ለሚገኝ አንድ ብሎክ (የቢትኮይን ግብይቶች መዝገብ አንድ ገጽ) የሚከፈለው አዲስ ቢትኮይን 3.125 ነው፤ በቀን 450 ገደማ ማለት ነው። ይህን የሚካፈሉት የዓለም ማሽኖች ድምር ጉልበት በ2017 ዓ.ም. በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ቴራሃሽ ደርሷል፤ ቴራሃሽ አንድ ትሪሊዮን የስሌት ሙከራ ማለት ነው። የልጅዎ ማሽን 13.5 ቴራሃሽ ነው። ድርሻው ሲሰላ በቀን 600 ሳቶሺ አካባቢ ይሆናል፤ አንድ ቢትኮይን መቶ ሚሊዮን ሳቶሺ ነው። ቢትኮይን አንድ መቶ ሺህ ዶላር ቢሸጥ እንኳ ይህ ስድሳ የአሜሪካ ሳንቲም ነው፤ ማይነሮች ጉልበታቸውን የሚያዋህዱበት ማኅበር (ፑል) ክፍያ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ለዚህ ማሽኑ በቀን 32 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር ወደ 970 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የሚያድግ ሲሆን የመጨረሻው እርከን የሚጀምረው ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው፤ ማሽኑ ብቻውን ከዚያ በእጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። የመጨረሻውን ደረሰኝ አውጥተው የወሩን ጭማሪ ከወሩ ሳቶሺ ጎን ያስቀምጡት። ኤስ 9 በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ማሽን ነው፤ ዛሬ ከማስተማሪያነት ያለፈ ጥቅም አላየሁበትም። ልጅዎ ኔትወርክ፣ ፈርምዌርና ኤሌክትሪክ እየተማረበት ከሆነ ያም ዋጋ አለው፤ ለዚያ ግን በቀን ሁለት ሰዓት ቢሠራ ይበቃል።

ሕጉን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑንና በክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ባለ ዲጂታል ገንዘብ) መገበያየት እንደማይፈቀድ አስታውቋል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርም በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ማይኒንግን (በማይነር ማውጣትን) ጨምሮ በዘርፉ የተሠማሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ ጥሪ አድርጓል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በዶላር ውል ኃይል የሸጠላቸው በከፍተኛ መስመር ላይ የተገናኙ ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው፤ ያ ውል የቸቸላን ሰርቪስ ቤት አይመለከትም። የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ለመኖሪያ አገልግሎት የተሰጠ ስለሆነ ልጅዎ በዚህ ሥራ መቀጠል ከፈለገ አስቀድሞ የመብራት አገልግሎት መስጫ ማዕከሉንና መዝጋቢውን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ማሽኑ እንዳይቆም በጄኔሬተር ወይም በሶላር ማሠራት ያዋጣል?

መልስ፦ አያዋጣም። በቤንዚን ጄኔሬተር አንድ ኤስ 9 ቀኑን ሙሉ ለማሠራት ከ10 ሊትር በላይ ነዳጅ ይሄዳል፤ ገቢው ከላይ የተጻፈው 600 ሳቶሺ ነው። በሶላር ሌት ተቀን ለማሠራት ደግሞ በቀን 32 ኪሎዋት ሰዓት የሚያመነጭ ፓኔልና ሌሊቱን የሚያሻግር ባትሪ ያስፈልጋል፤ ያን የሚገዛ ሰው ቤቱን ሙሉ ቢያበራበት ይሻለዋል። ማይነር መብራት ሲጠፋ ያለቀ ሥራ አይጠፋበትም፤ የሚያጣው የቆመበትን ጊዜ ብቻ ነው። መጠንቀቅ የሚገባው ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው፤ በመመለሻው ቅጽበት ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ስለሚል ከአምስት ደቂቃ በኋላ ብቻ የሚያገናኝ መከላከያ ይግጠሙ። ለፍሪጅ የሚሸጠው መከላከያ ለኤስ 19 አምፔር አብዛኛውን ጊዜ ስለማይበቃ ኮንታክተር (ከፍ ያለ አምፔር የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ) ያስጨምሩበት።

ጥያቄ፦ ማሽኑ የሚያወጣው ትኩስ አየር እንዲሁ ከሚባክን በርበሬ ብናደርቅበት፣ ወይም ጫጩት ብናሞቅበት ምን ይላሉ?

መልስ፦ ከመጡልን ጥያቄዎች ሁሉ ይህን ወድጄዋለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ሥራ ውስጥ ለጎንደር ቤት በርግጥ የሚተርፈው ሙቀቱ ሊሆን ይችላል። ከማሽኑ የሚወጣው አየር በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በርበሬን ሳያቃጥል ለማድረቅ ይስማማል፤ ደረቅና ወጥ ነው፤ ጢስም የለውም። ሁኔታው ግን አንድ ነው፦ አየሩ ከማሽኑ ወደ በርበሬው፣ ከበርበሬውም ወደ ውጭ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሄድ አለበት። የበርበሬ ብናኝ ተመልሶ በማሽኑ አፍ ቢገባ በክንፎቹ መካከል ከመጋገሩ በላይ ክፍሉ ውስጥ ሰው የሚያስቆም አይሆንም። በርበሬው የሚሰጣበት ወንፊት ሰፋ ብሎ ሳሳ ይደረግ፤ ጥቅጥቅ ብሎ ከተሰጣ የአየሩን መንገድ ዘግቶ ማሽኑን መልሶ ያግላል። በየጊዜው የማሽኑን የሙቀት ንባብ ይዩ፤ በርበሬው ከመግባቱ በፊት ከነበረው ከ5 ዲግሪ በላይ ከጨመረ ግማሹን ያንሡ።

ጫጩቱ ግን ይቅርብዎ። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ የማያቋርጥ ሙቀት ይፈልጋል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሙቀቱ አብሮ ይጠፋል። የማራገቢያው ነፋስ በቀጥታ ሲነፍስባቸው ይጎዳቸዋል፤ ከኩሳቸው የሚወጣው አሞኒያም በዚያው ክፍል ያለውን የማሽኑን መዳብ ይበላዋል። ማሞቅ ካለብዎ ማሽኑ በሌላ ክፍል ሆኖ በቱቦ የሚመጣው አየር ከግድግዳው ማዶ እንዲያሞቃቸው ያድርጉ፤ ለመብራት መጥፊያውም ከሰል ያዘጋጁ፤ ከሰሉ ሲነድ መስኮቱ ክፍት ይሁን።